በእህቱ ስም ያልተኛው ሰው

ጠዋት ዓይኗን እያሻሸች ወደ ሳሎን ስትወጣ፣ ወንድሟን የእሷን አምባር ክንዱ ላይ አስሮ ሻይ ሲጠጣ አገኘችው። ወርቅ ቢሆን ሌብነት ነው ይባላል፤ ይህ ግን ግራጫ የጎማ አምባር ነው፣ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት፣ የሰው እንቅልፍና የልብ ምት እየለቀመ ለሆስፒታል የሚያቀብል ወሬኛ ዕቃ። ድባቴ ይዟት ከአልጋ መውረድ ባቃታት ጊዜ ለአንድ ጥናት ተመዝግባ የሰጧት ነው። የአእምሮ ሐኪሞቹ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ኪኒን በአንድ ዓይነት መጠን ማደል ሰልችቷቸዋል፤ እያንዳንዱን በሽተኛ በራሱ ሰውነት፣ በራሱ እንቅልፍ፣ በራሱ ልብ ልክ እናክማለን ብለው ተነስተዋል። «በራሱ» የምትለዋን ቃል ሲያስረዷት ደጋግመውላት ነበር። እሷ ግን ቤት ገብታ ለማንም አልነገረችም፤ ክንድ የሚያውስ ቤተሰብ አለኝ ብላ መቼ አሰበችና።

«ጋሼ፣ ክንድህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ይሄ? ሰዓት ልይ ብዬ ነዋ።»

አምባሩ ሰዓት የለውም። የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ስኳር ዕቃው ውስጥ ጣለች፤ እዚህ ቤት ነገር በተበላሸ ቁጥር ስኳር ዕቃው ውስጥ የሚታይ ነገር አይጠፋም። ወንድሟ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ድምፁ ጡሩምባ አያስፈልገውም፤ ከከተማው ሾፌር ግማሹን መንገድ ላይ የለቀቅኩት እኔ ነኝ እያለ ይኩራራል፣ ሚስቱ ደግሞ ከከተማው ግጭት ግማሹም ያንተ ነው ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲያፍር ማፈሩን አያውቅበትም፣ ይቆጣል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ድም አደረገና ጮኸ።

«ከሆስፒታሉ ደወሉ እኮ! ሌሊት ሌሊት አታደርገውም፣ እንዲህ ከቀጠለች ከጥናቱ ትሰረዛለች አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቀስቅሼሽ ልሰርልሽ? አንቺም ትተኛለሽ፣ እኔም እተኛለሁ። ክንድ ክንድ ነው፣ እንቅልፍም እንቅልፍ ነው።»

እውነት ነበር፤ ሌሊት አታደርገውም። አረንጓዴው መብራት ዓይኗ ላይ እየተጫወተ ሲያስቸግራት፣ ማታ ማታ አውልቃ ማቀዝቀዣው ላይ ታስቀምጠዋለች። እሱም ሊተኛ ሲገባ አንስቶ ያስረዋል፣ ሳትነሳ ደግሞ ቦታው ይመልሰዋል። ወራት አልፈዋል እንዲህ ሲያደርግ። ዛሬ ዘነጋው። ተቆጥቶ ሲጨርስ አወለቀና ሰጣት፤ አምባሩ ከሰውነቱ ሙቀት እንደወሰደ ነው። መናደድ ነበረባት፤ ሳቅ ቀደማት። ይህ ቤት እንደዚህ ነው፤ ሦስቱም በአንድ መነጽር ያነባሉ፣ አንዱን ሲያመው ሌላው ወረፋ ይይዛል። አንድ ጊዜ ሚስቱን ጥርሷን አሟት ወረፋ ሊይዝላት ሄዶ፣ እሷ ሳትደርስ ተራው ሲደርስ ወረፋው ከሚባክን ብሎ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ የራሱን ጤነኛ ጥርስ አስጠርጎ ሒሳቡን ከፍሎ መጥቷል። እሷ ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ እሱ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ያሳያት ነበር።

እህትየው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ሐኪሟ ዘንድ የምትቀርበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ሥራ ገባች። ላውንደሪው ጠባብ ክፍል ነው፤ ግማሹን እንፋሎት ይዞታል፣ ግማሹን የሰው ኮት። ከገንዘብ መቀበያው በላይ፣ ሌሎች ሱቆች የባለቤቱን ፎቶ በሚሰቅሉበት ቦታ፣ የአንድ ጠበቃ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ጀርባው ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ቆማ እየተኮሰች እንቅልፍ ወስዷት የሠራችው ነው። ባለቤቱ የሸሚዙን ዋጋ ለጠበቃው ከፍሎ ሲያበቃ፣ ገንዘብ የወጣበት ነገር ይታይ ብሎ ሰቀለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ፊት ለፊት መናገር ስለማይሆንለት ብቻ ለእሷ የሚለውን ሁሉ ለሸሚዙ ይናገራል።

«ከካውያው ዞር ብለሽ ልብሶቹ ላይ ቁጥር ለጥፊ» አለ ዛሬም ሸሚዙን እያየ። «ሐኪምሽ ወይ ታንቃሽ፣ ወይ እኔ የነቃ ሰው ልፈልግ። ሰኞ አንዲት ልጅ ትመጣለች፤ እሷ ሳትመጣ በእግርሽ ቆመሽ አሳዪኝ።»

ቁጥር መለጠፍ የጀማሪ ሥራ ነው። አንገቷን ደፍታ ኮቶቹ መካከል ተቀመጠች። እንቅልፉ ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግራት አልቻለም ነበር። መጀመሪያ የሰጧት ኪኒን ደህና አድርጎ ከአልጋ አውርዷታል፤ ፀጉሯን አስተጥቧታል፣ ሥራ አስገብቷታል፣ ከወንድሟ ሚስት ጋር በሽንኩርት ዋጋ መነታረክ ሁሉ አስጀምሯታል። ከዚያ ግን ሐኪሟ መጠኑን ጨመረችው። ቆየችና ደግሞ ጨመረችው። ምላሷ እንደ ጨርቅ ወፈረ፣ አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ለሃጯ እስኪዝረከረክ መተኛት ጀመረች። «ዶክተር፣ እኔ እኮ እተኛለሁ፣ ከልክ በላይ እተኛለሁ» ብትል ሐኪሟ በርኅራኄ ፈገግ ትላለች። አምባሩ ግን አይተኙም ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደዱ ነው የሚያድሩት ትላታለች። ሰው ስለራሱ እንቅልፍ ከጎማ ጋር ተከራክሮ እንዴት ይረታል?

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። አምባሩ፣ ሌሊት፣ የጋሼ ክንድ። አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዛ ነበርና ሳቁ ድንገት ሲፈነዳ ልትውጠው ምንም አልቀራት። እሱ ስላልተኛ እኮ ነው እሷን የሚያስተኟት! እሱ በተንጎራደደ ቁጥር ለእሷ ኪኒን ይጨመራል፤ እሷ ቆማ ታንቀላፋለች፤ የጠበቃው ሸሚዝ ይቃጠላል። ባለቤቱ ደንግጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። ደህና ነኝ ብላ እንባዋን ጠረገችና ሂሳቧን መሥራት ጀመረች። እውነቱን ብትናገር ከጥናቱ ትወጣለች፤ ያ ኪኒን ደግሞ መድኃኒት ቤት ሲገዛ የደመወዟን እኩሌታ ይበላል። ብትደብቀው ኪኒኑ ዛሬም ይጨመራል፣ ሰኞ ሥራዋ ይሄዳል። ሦስተኛ መንገድ አገኘች፤ ዛሬን በሆነ ዘዴ አታልላ ታልፋለች፣ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ መብራቱን በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ አድርጋው ትተኛለች። አምባሩ «ተኛች» ይላል፣ ሐኪሟ «ተሻላት» ትላለች፣ ጥናቱ ይሳካል፣ ጋሼም ስሙ አይነሳ። ማንንም የማይነካ ውሸት ነው። እንዲያውም በዕቅዷ ኩራት ቢጤ ተሰማት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከአግዳሚ ወንበሩ በላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ ጥርሷ የሚያበራ ሴት እጇን ዘርግታ «ሕክምናዬ የእኔው ነው» ትላለች። ከሥሯ የተቀመጡት ሰዎች ሕክምናቸው የማን እንደሆነ እንጃ፣ አንዳቸውም እንደሷ አልሳቁም። አንድ ሽማግሌ ስለ ታክሲ ዋጋ ለግድግዳው ያማርራሉ። ተኳሿ ተራዋ እስኪደርስ ሁለቴ አንቀላፋች፤ ስሟ ሲጠራም ሽማግሌው ጎሽመው ነው የቀሰቀሷት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ ይዛዋለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ አይጠፋም። ዛሬ ፊቷ በርቷል። ነገ በትልቅ ስብሰባ ላይ ስለ ጥናቱ ልትናገር ነው፤ የምትናገረውም በአብዛኛው ስለዚችው ስለ ተኳሿ ነው፣ ስሟን ሳትጠራ። ኮምፒውተሩን አዞረችላት። ቀን ቀን የልብ ምቱ መስመር ለጥ ያለ ነው፤ ሌሊት ሲሆን ብድግ ይላል፣ ይዘላል፣ ይወድቃል።

«ይዩት፣ ቀን ልብዎ ሰላም ነው። ሌሊት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ» አለች ሐኪሟ።

ተኳሿ ጉንጯን ከውስጥ ነከሰች። ሐኪሟ ቀጠለች፤ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች አሉ ብለን እናምናለን፣ ቀን ደንዝዘው የሚውሉ፣ ሌሊት የሚባንኑ፣ ተኝተን አደርን ብለው ግን ከልባቸው የሚያምኑ፤ ለእነሱ ብቻ የሚሆን ሕክምና ሊገኝ ነው፣ የእርስዎ መረጃ ባይኖር ኖሮ አናውቃቸውም ነበር አለች። ግማሹ እህት፣ ግማሹ ወንድም የሆነ አዲስ ዓይነት በሽተኛ ማለት ነው። ተኳሿ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ይህን ማታ ለጋሼ ስትነግረው ምን እንደሚል ከወዲሁ ይሰማታል፤ ሳይንስ ውስጥ ገባሁ ብሎ ሰፈሩን ያውካል። አሁን ዘዴዋን ልትጀምር ነበር። ዶክተር፣ መጠኑ እንዳለ ይቆይልኝ፣ ካሁን በኋላ እኔ ራሴ እጠነቀቃለሁ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀደመቻት።

«ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ስብሰባውን ትቼ። ሊነጋጋ ሲል ልብዎን ስመለከተው የሚያባርሩት ሰው ልብ ነው የሚመስለኝ። ከአልጋ ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣሉ። በየሳምንቱም እየባሰ ነው የመጣው። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲከርም እኔ እፈራለሁ። ለዚያ ነው መጠኑን የምጨምረው። አንድ ቀን ሰውነቱ ዝም ብሎ ይከዳዋል፣ ወይ ደግሞ ራሱ ላይ ክፉ ነገር ያስባል።» እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ መዘዘች። «መኪና አይነዱም፣ አይደል?»

ሳቁ የት እንደገባ ተኳሿ አላወቀችም። ጋሼ ታያት፤ ከአንዲት ጀማሪ አጠገብ ተቀምጦ፣ እግሩን የአስተማሪው ትርፍ ፍሬን ላይ አድርጎ፣ እየቀለደ። እሷ ስትታመም ቤቱ ሁሉ አውቆ ነበር፤ ተኝታ ስለቀረች፣ ስላልበላች፣ ስላልታጠበች። እሱ ግን ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይቀልዳል፣ ማን ጠርጥሮት? በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰው ሆነው ያላዩትን ይህ ወሬኛ ጎማ አይቶታል፣ አይቶም በእሷ ስም ተናግሯል። ጠዋት እየሳቀች ከቤት መውጣቷ አሳፈራት። ዘዴዋ ሁሉ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ። አምባሩን ፈታችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀዘቀዘው ሻይ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ቀኑ የእኔ ነው፣ ዶክተር። ሌሊቱ የወንድሜ ነው።»

ሐኪሟ መጀመሪያ የሰማች አልመሰለችም። ተኳሿ ነገሩን ከማቀዝቀዣው እስከ ሻዩ ድረስ ነገረቻት። ሐኪሟ ኮምፒውተሩን አየች፣ አምባሩን አየች፣ ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብላ ተኳሿ ደነገጠች፤ ለካ እየሳቀች ነው፣ ወይም ሁለቱንም። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

«ነገ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት…» አለችና ተወችው። «እተኛለሁ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር።»

«እኔም ጽፌዋለሁ። ‹እንቅልፍ ማጣቷን አትቀበልም› ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኳሿ ተቆጣች፤ የራሷን እንቅልፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅላት ሰው በመኖሩ፣ እሷም ሐኪሟን አምና የራሷን ጤና መጠርጠር በመጀመሯ። ሐኪሟም ቁጣውን አየችው፣ አልተከላከለችም፤ ይቅርታ ብላ በደንብ፣ ሳታድበሰብስ ጠየቀቻት። ከዚያ ሥራዋን ሠራች። ኪኒኑ ወደ መጀመሪያው መጠን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ድንገት አይቆምም። ለአሠሪዋ የሚሰጥ ወረቀት ጻፈችላት። ከጥናቱ ግን ትወጣለች፣ ሕጉ ነው፤ ካሁን በኋላ እንደማንኛውም ሰው በተራ ወረፋ ትታከማለች፣ ኪኒኑንም ትገዛለች። ወደ ካውያው ከተመለሰች እንደምንም ትገዛዋለች። በሩ ጋ ስትደርስ ሐኪሟ ጠራቻት።

«ነገ ጠዋት ይምጣ፤ ከስብሰባው በፊት አየዋለሁ። ለጥናት አይደለም። ለራሱ።»

አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፉ ሲመጣባት ታገለችው። ጋሼን ሆስፒታል ሂድ ማለት ቀላል ነው፣ ለሌላ ሰው ወረፋ ለመያዝ ከሆነ። ለራሱ ሲሆን ግን ጉንፋን እንኳ ይዞኛል ብሎ የማያምን ሰው ነው። እሷ በተኛችባቸው ወራት በየማታው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ እያለ የተማሪዎቹን ጉድ ያወራላት ነበር፤ ሳትስቅለት ስትቀር እንኳ ታሪኩን ጨርሶ፣ ስቆ፣ ብርድ ልብሷን አስተካክሎ ይወጣል። አሁን ስታስበው ከእሷ ክፍል ወጥቶ ወዴት ይሄድ እንደነበር አልጠየቀችም።

ቤት ስትደርስ ሚስቱ ዳቦ ትቆርጣለች፤ እሱም ወዲያው ተከትሏት ገባ፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ።

«ጉድ ልንገራችሁ! ያቺ መሪ ስትይዝ እጇ የሚንቀጠቀጠው ሴትዮ የለችም? ዛሬ መሐል መንገድ ላይ ሸለብ አላደረገኝም! ብንን ስል መኪናው ጥግ ይዞ፣ ተሰልፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል። ‹እንዳልረብሽዎት ብዬ ነው› አትለኝም! እኔ ስተኛ ነው ለካ የሚነዱት!»

ከት ብሎ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር። ሚስቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። ተኳሿ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ አምባሩን ሰጥቻቸው መጣሁ፣ ሌሊቱ ያንተ እንደሆነ ለሐኪሜ ነገርኳት አለችው። ፊቱ በአንድ ጊዜ ቲማቲም መሰለ።

«ለእብድ ሐኪም ስሜን ሰጠሽ?»

«እብድ» የሚለውን ቃል እሷ አልጋ ላይ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም፤ ጎረቤት ሲያወጣው ሊደባደብ ተነስቶ ነበር። አሁን ራሱ ሲለው ሰማና እጁን ወደ አፉ ሰደደ። ቃሉ እህቱን አሟታል፣ ሕመሙንም አልደበቀችም።

«አዎ፣ ለእብድ ሐኪም። ለእኔ ሐኪም» አለችው። «ሊነጋጋ ሲል ልብህ የሚያባርሩት ሰው ልብ ይመስላል አለች።»

«ልቤማ ጤነኛ ነው፤ እሷ መተኛት አለመተኛቴን በምን…»

«አትተኛም» አለች ሚስቱ።

እዚህ ቤት እሷ ስትናገር ሁለቱም ዞረው ያያሉ። ስኳር ዕቃውን አልተመለከተችም፤ እሱን ነው የተመለከተችው።

«ትነሳለህ። መስኮቱ ጋ ትቀመጣለህ። ስትመለስ እንዳትቀሰቅሰኝ ብለህ እግርህን አሙቀህ ነው የምትገባው። እኔ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ? ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቅሃለሁ። ጠዋት ስትቀልድ ደግሞ ተወው፣ አልፎለታል እላለሁ።»

አፉን ከፈተ። ሁለቱም ቀልድ ጠበቁ፤ እሱም የጠበቀ ይመስል ነበር። አልመጣለትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ውስጥ ጨበጣቸው። ለካ አርጅቷል፤ አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ ላልቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ይህን ሁሉ ለማየት ዝም ማለቱ ብቻ ነበር የጎደለው።

«ምን ሆኗል አለች?» አለ በመጨረሻ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጠይቅ።

«አታውቅም። ክንድህን ነው ያየችው፣ አንተን አላየችህም። ነገ ጠዋት አምጪው ብላለች።»

«ነገ ተማሪ አለኝ።»

«እኔ እደውልላቸዋለሁ» አለች ሚስቱ፤ ስልኳን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማል፤ አሞታል፣ አዎ፣ አሞታል ትላለች፣ በዚህ ቤት ማንም ስለ እሱ ብሎት የማያውቀውን ቃል። እሱም እያዳመጠ ነው። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እህቱ ገፋቸው።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«በሩ ድረስ እሸኝሃለሁ።»

«በሩ አይበቃም፣ አብረሽኝ ግቢ» አለ፤ ድምፁ ከጎረቤት ቀርቶ ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ በደንብ አይሰማም ነበር። «እኔ እኮ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ሐኪሟን ሳያት ምንም አልሆንኩም ብዬ እዋሻታለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይና፣ ውሸቱን ነው በያት።»